ሩቅ እያዩ ፎቶ መነሣት

ፎቶ ሲነሡ ሩቅ የሚያዩ ሰዎችን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አንድ እግር ቀደም፣ አገጭ ቀና፣ ዓይን ወደ ተራራው፤ ካሜራውን ጨርሶ እንዳላዩት። እኔማ ፊት ለፊት ቆሜ፣ እጆቼን እንደ ተከሳሽ አጣምሬ ነው የምነሣው።

የሥራ ባልደረባዬ ሰብለ ግን የዚህ ጥበብ ሊቅ ናት። ከደሴ ተመድባ ፍኖተ ሰላም ከመጣች ጀምሮ እናቷ በስልክ «ሰው በሌለሽ አገር ምን ትሠሪያለሽ? ተመለሽ» እያሉ ያለቅሳሉ። ስለዚህ ደልቷት የምትታይበት ፎቶ ያስፈልጋታል። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቡሬ ወጣ ብለን አንድ የጤፍ ማሳ ዳር ቆመች፤ እኔም ስልኳን ይዤ አነጣጠርሁ።

ገና ሩቅ ማየት ስትጀምር፣ ማሳው ላይ በደቦ ከሚያጭዱት መካከል አንድ አዛውንት ቀረቡ።

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?»

እውነታቸውን ነው፤ ከብት ያልጠፋበት ሰው ሩቅ ምን ያያል? ሰብለ ግን ፎቶ ልነሣ ነው ማለት አሳፈራትና «ጉትቻዬ» አለች።

«ጎበዝ፣ ደቦው ይቁም! እንግዳ ከእኛ ማሳ ጌጧን ጥላ ትሂድ?»

ሃያ ሰው ማጭዱን ጥሎ ተንበረከከ። ሰብለ ቢጨንቃት ከሻሿ ሥር አንዱን ጉትቻ በስውር አውልቃ ሣሩ ላይ ጣለችው። አዛውንቱ አገኙት፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ እኔም ያን ጊዜ አነሣኋቸው።

በፎቶው ሰብለ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ሻሿ ላይ ገለባ አለ። «አጥፊው!» አለችኝ። እኔ ግን ለእናቷ ላክሁት።

ማምሻውን ደወሉ። ስለ አቋቋሟ ምንም አላሉም።

«ይኼ ሁሉ ሰው ያንቺ ነው?» ብለው ጠየቁ። ተመለሽም አላሉ።