ክቡር ግራም እና የኋላ ወንበር

በየቤተሰቡ መኪና የሚፈታ አንድ ሰው አለ። በእኛ ቤተሰብ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው ፈትቶ ስላልጨረሰ ገና አልተዋወቃችሁም ማለት ነው። ለእኛ የደረሰን የእህቴ ባል ነው። "ክቡር ግራም" ብለን ሾመነዋል። ይህን የመሰለ ማዕረግ ያለው ሰው አንተ አይባልምና ከዚህ በኋላ ሳወራላችሁ አንቱ እላቸዋለሁ።

ክቡርነታቸው በዓመት አንዴ የአማተሮች የመኪና ውድድር ላይ ይሰለፋሉ። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ አራት መቶ ሜትር ቀጥ ብሎ መብረር ነው። የሚወዳደሩባት መኪና እህቴን ሥራ የምታደርሰው ያችው የቤት መኪና ናት። ሞተሯን አጎልብተዋል፣ ማርሚታዋን አሳጥረዋል፤ ሲመጡ ሰፈሩ ከሁለት መታጠፊያ በፊት ይሰማል። እምነታቸው ግን ሞተር ላይ አይደለም፣ ክብደት ላይ ነው። "ይሄስ ስንት ይመዝናል?" ይላሉ፣ እጃቸው የገባውን ሁሉ ከፍ ዝቅ እያደረጉ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ብትሏቸው ሃምሳውንም ሎሚ አንድ በአንድ ይመዝናሉ።

ዘንድሮ የባሰባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ፣ በዚያች ዳቦ በሚያመላልስባት መኪናው፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ በመጀመሪያው ዙር አሰናብቷቸዋል። እህቴ ደግሞ መውለጃዋ ደርሶ ቁርጡን ነግራቸዋለች፦ "ልጁ ሲመጣ የኋላ ወንበሩ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ውድድር የሚባል ነገር እንዳልሰማ!" እንግዲህ ዳቦ ጋጋሪውን ለማሸነፍ የቀራቸው አንድ እሁድ ብቻ ነበር።

የወጥ ቤቱ ሚዛን ጋራዥ ገባ። መጀመሪያ ምንጣፉ ወጣ፣ ቀጥሎ ሬዲዮው፣ ክሪኩ፣ የሲጋራ መተርኮሻው። "ሁለት መቶ አስር ግራም!" ብለው መተርኮሻውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። የኋላ ወንበሩና ስኮርታ ጎማው የእኔ ሳሎን ገቡ። "ጋሼ፣ ለጥቂት ቀን ነው" ያሉኝ ከአራት ወር በፊት ነው። እንግዳ ሲመጣ ወንበሩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ስኮርታው ላይ ሻይ አቀርባለሁ።

መኪናዋ ሲያልቅ ወደ ራሳቸው ዞሩ። እራት ተዉ፣ ፀጉራቸውን ተላጩ። አንድ ቀን የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጡ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀለበቱም ወዲያው ጣታቸው ላይ ተመለሰ።

እሁድ ደረሰ። ጠዋት ለልምምድ ከዳቦ ጋጋሪው ጎን ቆሙ። መብራቱ በራ። ሞተሩ አገር ይያዝልኝ አለ፣ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ተሽከረከሩ፣ ጭሱ ሰማይ ነካ፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጭሱ ሲገለጥ ዳቦ ጋጋሪው መንገዱን ጨርሶ እየተመለሰ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ወንድሜ፣ የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ነው፤ አንተ ደግሞ ኋላዋን ላባ አድርገህባታል። በምን መሬት ትቆንጥጥ? ትንሽ ክብደት ጫንባት" አላቸው፣ ከልቡ አዝኖ።

ክቡር ግራም ዘራቸው የተሰደበ መሰሉ። ዋናው ውድድር ሊጀመር የቀረው አንድ ሰዓት ነው። ያን የተላጨ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲቀመጡ፣ የአራት ወር ፌዜን ሁሉ ተውኩት። አሳዘኑኝ።

"ወንበሩን አምጣው!" አለች እህቴ፣ ወደ እኔ ዞራ።

የጎረቤቴን ፒክአፕ ለምኜ ወደ ሳሎኔ በረርኩ። ወንበሩንም ስኮርታውንም ይዤ ስመለስ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። እኔ እደግፋለሁ፣ እሳቸው ብሎን ያስራሉ፣ እህቴ ሆዷን ይዛ ከላይ ታዛለች።

"አጥብቀው እንጂ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!"

ዳኛው ወንበሩን ይዞ ነቀነቀ፣ ስኮርታውን ገፋ፣ "እለፍ" አለ። መብራቱ በራ። መኪናዋ ቂጧን ዝቅ፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ተወነጨፈች! ዳቦ ጋጋሪው አብሮ ተነሣ። እስከ ግማሽ መንገድ እኩል ናቸው። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ ማርሽ... እኔ የተከበርኩት ሰውዬ አጥር ላይ ወጥቼ "ንዳው! ንዳው የኔ አንበሳ!" እያልኩ እንደምጮህ የገባኝ ድምፄ ሲዘጋ ነው። ክቡርነታቸው በአንድ ክንድ ቀደሙ! ከመኪናዋ ወርደው መጀመሪያ ያቀፉት ዳቦ ጋጋሪውን ነው፤ ቀጥሎ የኋላ ወንበሩን ሳሙት። በሁለተኛው ዙር አንድ ጎረምሳ አሸነፋቸው፤ ከቁብም አልቆጠሩት።

በአሥራ አንደኛው ቀን እህቴ ወለደች። ስልኬ ጮኸ።

"ጋሼ! ሴት ናት! ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም!"

"እንኳን ማርያም ማረቻት! ቀላል ናት፣ ደስ ይበልህ" አልኩ፣ ለማሾፍ።

"ምን ማለትህ ነው? ትጨምራለች!" ብለው ተቆጡ።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ይደውላሉ። "መቶ ሰማንያ ጨመረች!" "ሁለት መቶ አስር!" ይላሉ፣ ያኔ መተርኮሻውን ባነሡበት ድምፅ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር በዚያ ወንበር ላይ ትሄዳለች፤ ምንጣፉም ሬዲዮውም ተመልሰዋል። የእኔ ሳሎን ግን ባዶ ሆነ። ሌላ ወንበር ግዛ ይሉኛል፣ አልገዛሁም።

ባለፈው ሐሙስ ስልኩ ዘገየ። እስከ ምሳ ጠበቅሁ፣ ሥራም አልያዝልህ አለኝ። በመጨረሻ ራሴ ደወልኩ። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

"ስንት ትመዝናለች?" አልኳቸው።