በፈረቃ ውሃ የተሞከረችው ጀልባ

እስቲ ፍረዱኝ! አሮጌ ነገር ካላደስኩ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። ልደታ፣ አብነት ሰፈር፣ አምስት አባወራ በምንጋራው ግቢ ውስጥ ጀልባ ያድሳሉ። አዎ፣ ጀልባ! ያውም ባለሸራ! ከቢሾፍቱ በአይሱዙ አስጭነው ያመጧት ቀን "ለሁለት ሳምንት ነው" ብለውን ነበር። ይኸው ሦስተኛ ክረምቷን ይዛለች። ስንጥቋን ደፈኑ፣ ሸራዋን አሰፉ፣ አልበቃ ብሏቸው የታክሲ ክላክስ ገጠሙላት። ልብስ ማስጫ አጥተንም ዝም አልን።

ባለፈው ሐሙስ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ሐሙስ የውሃ ፈረቃችን ነው፤ በሳምንት አንዴ! ጄሪካኔን ይዤ ብወጣ ጋሽ ተፈራ ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰክተው የጀልባዋን ሆድ ይሞላሉ።

"ምን እያደረጉ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"ታፈስ እንደሆነ እየሞከርኩ ነዋ!"

"ጀልባ ውሃ ውስጥ ይገባል እንጂ ውሃ ጀልባ ውስጥ ይገባል እንዴ?"

"ወደ ውጭ ካላስወጣች ወደ ውስጥም አታስገባም" አሉኝ፣ ረጋ ብለው።

ጀልባዋ ስትሞላ የቧንቧው ውሃ ሄደ። የሚያናድደው ደግሞ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም! እሑድ ጠዋት ግቢው በሙሉ ጄሪካኑን ይዞ ጀልባዋ ሥር ተሰለፈ። ያን ሁሉ የጮህኩት እኔም ከኋላ ቆምኩ። ተራዬ ደርሶ የገዛ ውሃዬን ልቀዳ ስንጠላጠል ጋሽ ተፈራ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ ሆነው ቁልቁል አዩኝና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"ጫማህን አውልቅ! ስንት የተለፋባት ጀልባ ናት።"