በእመቤታችን የገዘትኩት ባሌ እና የግራው ጎማ

ዛሬ በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ እጄ፣ ስድስት ምስክር ጠርቼ ተዋረድኩ። ነገ ከማኅበሬ ሴቶች አፍ ከምትሰሙት፣ ዛሬ ከእኔው ስሙት።

ነገሩ የተጀመረው በመልካም ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ታማ ስትተኛብኝ ተሳልኩ። ከዳነችልኝ የጽዋ ማኅበሬን እናቶች ይዤ ገዳም ወርጄ፣ ሦስት ቀን አድሬ፣ ለነዳያን አበስላለሁ አልኩ። ዳነች። ተመስገን። አሁን በቁመት በልጣኛለች፣ በአፍም ቀርባኛለች።

ስለቱ ግን እስከ ዛሬ አልገባም። የእናቶቹ ጉልበት ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተቀምጦ አይችልም።

ባለቤቴ ጌታቸው ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ዘንድሮ አንድ አሮጌ የጃፓን የጭነት መኪና ላይ ቤት ሠራበት። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የውሃ በርሜል አለው። ልጆቹ ካምፐር ይሉታል። እኔ የጸሎቴ መልስ እለዋለሁ። ገርጂ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ የልብስ ማስጫዬን ፀሐይ ከልክሏል፤ እሱንም በምስጋና ተቀብያለሁ።

ቅዳሜ ልንወጣ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ጌታቸው ወገቡን ኦፕራሲዮን ተደርጓል። ይነዳል እንጂ ዕቃ አያነሳም። ስለዚህ እንዲህ አለ፦

«ጎማ መቀየር የሚችል ሰው ካልያዝን ከላምበረት አንወጣም። ስድስት እናት ጭኜ በረሃ ላይ አልቆምም።»

«እኔ አለሁ» አልኩት።

ሳቀ። ድምፅ ያለው ሳቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በአፍንጫው ነው የሳቀው።

«እሺ፤ እስከ ሐሙስ አሳዪኝ። ካልሆነ ጉዞው ይቀራል።»

መግዛት ያለብኝንም በወረቀት ጻፈልኝ። ሃያ ቶን የሚያነሳ አጭር ወፍራም ክሪክ። ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ጠፍጣፋ ጣውላ። እንደ ክንድ የወፈረ የብሎን መፍቻ ብረት። እና፣ አትሳቁ፣ ሜትር ተኩል የብረት የውሃ ቱቦ።

የውሃ ቱቦ! ጎማ ልቀይር እንጂ መታጠቢያ ቤት ልሠራ ነው?

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እኔ ቪዲዮ አይቻለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ከጸሎት በኋላ ስልኬን ይዤ ካምፐር ያላቸውን ፈረንጆች ሳይ ነው የከረምኩት። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ነው ጎማ የሚቀይሩት። ቱቦ የያዘ አላየሁም።

መገናኛ አካባቢ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ፀጉሩን ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ ሰው ነው። በቻርጅ የሚሠራ የብሎን መፍቻ አወጣልኝ። ሽጉጥ ይመስላል። የራሱ ቦርሳ አለው። መብራት ሁሉ አለው።

«እናቴ፣ ይቺን ብሎኑ ገና ሲያያት ነው የሚላላው» አለኝ።

አመንኩት። አርባ ሰባት ዓመት ኖሬ፣ ሦስት ልጅ አሳድጌ፣ አመንኩት።

ክሪኩንም ቀይ፣ ቀጭን፣ በአንድ እጅ የምትነሳ መረጥኩ። ከባዱን እንዴት እሸከመዋለሁ?

«መኪናው ስንት ቶን ነው?» አለኝ።

«አልመዘንኩትም» አልኩት።

እሱም ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀም። አስተዋይ ነጋዴ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ የማኅበሬን እናቶች ጠራሁ። ይዩ ብዬ ነው። ጌታቸው ብቻውን ካየ «አልቻለችም» ይላል ብዬ ሰጋሁ። ስድስቱም መጥተው በረንዳው ላይ በሰልፍ ተቀመጡ። ጌታቸው ደግሞ የወገብ ቀበቶውን ታጥቆ በላስቲክ ወንበር ፊት ለፊቴ።

ገና ቀዩዋን ክሪክ ከካርቶኗ ሳወጣ አፉን ከፈተ።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። አፉን ከፍቶ ሳይጨርስ እንዲህ አልኩ፦

«በእመቤታችን ገዝቼሃለሁ! ጎማው እስኪወልቅ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

አፉ ተከደነ።

ጌታቸውን የማታውቁ ሰዎች፣ እሱ በእመቤታችን ስም ከተያዘ ቤት ቢቃጠል ውሃ አምጡ አይልም። በዚህ ነው ያገባሁት።

ሥራ ጀመርኩ። የመረጥኩት የኋላውን የግራ ጎማ ነው፤ ለእናቶቹ በደንብ ይታያል። ክሪኳን አስገብቼ ማንሳት ጀመርኩ። አንድ ነገር ወደ ላይ፣ አንድ ነገር ወደ ታች እየሄደ ነበር። መኪናው አልተነሳም። ቀዩዋ ክሪክ ናት ትናንት ዝናብ ባራሰው አፈር ውስጥ የሰመጠችው። ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ እስከ አንገቷ።

ጌታቸው ሰማይ ሰማይ አየ።

«ግድ የለም» አልኩ። «ብሎኑ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ እያለ ነው።» ይኸ እውነት ነው፤ ከቪዲዮው ያተረፍኩት እውነት እሱ ብቻ ነው።

ሽጉጡን አነሳሁ። ጡጡጡጡ አለ። መብራቱ በራ። እትዬ ብርቄ፣ የማኅበራችን ትልቅ፣ ጆሯቸውን ይዘው «የዘመኑ ነገር» አሉ በአድናቆት። ትንሽ ዞረና ቆመ። ደጋግሜ ሞከርኩ። ከዚያ መብራቱ ቀላ። ከዚያ ጠፋ። ቻርጁ አለቀ።

አልተሸነፍኩም። ከመኪናው ወንበር ሥር የጌታቸውን አሮጌ መፍቻ ብረት አወጣሁ። ብሎኑ ላይ ሰካሁት። እጀታው ላይ ቆምኩበት። ኪሎዬን አልነግራችሁም፤ እግዚአብሔር አጥግቦ አኑሮኛል።

ክርርር አለ።

ተንቀሳቀሰ! እናቶቹ እልል አሉ።

እንደገና ቆምኩበት። ክርር። እንደገና እልልታ። ጌታቸው ከወንበሩ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበረ። ቀንቶ ነው አልኩ። ሃያ ዓመት ወንዶች ሲመኩበት የኖሩት ሙያ ይኸ ነው እንዴ ብዬ፣ ስለ ወንድ ሁሉ አንዳንድ ነገር ተናገርኩ። አሁን አልደግመውም።

እሱ ዝም ብሎ ሄዶ ከልጆቹ ቾክ አመጣ። ጎማው ላይ ቀስት ሣለ። ትልቅ፣ ዞሮ የሚሄድ ቀስት።

«በቾክም መናገር መናገር ነው» አልኩና በነጠላዬ ጠረግሁት።

ሁለተኛውን ብሎን ያዝኩ። ሦስተኛውን ያዝኩ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እየተንቀሳቀሱ ይቆማሉ፤ ግን አንዱም አይወጣም። መዳፌ ተላጠ። እልልታውም እየሳሳ መጣ።

በመጨረሻ እትዬ ብርቄ ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ ይኸ ሰውዬ ሊፈነዳ ነው። በግዝት አስረሽ አትግደይው፤ ፍቺው።»

«ምን ሊለኝ? አልቻልሽም ሊለኝ?»

«ይበልሽ። ስድብ ቁስል አያወጣም፤ እጅሽን አየሽው?»

አየሁት። መኪናውንም አየሁት። ቅዳሜም በዓይኔ መጣ። ገዳሙ፣ ነዳያኑ፣ ሦስት ዓመት ያደረ ስለቴ። ትዕቢቴን እያነቀኝ ዋጥኩት።

«እመቤታችን ትፍታህ፤ ተናገር።»

ረጅም አየር ሳበ። ስብከት ጠብቄ ነበር።

«የዚህ መኪና የግራ ጎማ ብሎን በተቃራኒው ነው የሚፈታው» አለ። «ግማሽ ሰዓት ሙሉ እያጠበቅሽው ነው።»



እልል ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። ከነጠላው በላይ ግን ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

«መጀመሪያውኑ አትነግረኝም ነበር?» ብዬ ጮህኩ። ከአፌ እንደወጣ ምን እንዳልኩ ገባኝ። እሱ በነጠላዬ ላይ ያለውን ቾክ ብቻ አየው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ከጣሪያ ሥራ የተረፈ ረጅም የብረት ቱቦ ከጓሮ መጣ። አዎ፣ ቱቦ። መፍቻው እጀታ ላይ እንዲያስረዝመው ተሰካ። እትዬ ብርቄና ሁለት እናቶች በትክክለኛው በኩል ተንጠለጠሉበት። ጧ ብሎ ላላ። እኔ ወዝቼ ያጠበቅሁትን ሦስት ብሎን ሦስት አሮጊቶች፣ ቱቦ ይዘው፣ እየተሳሳቁ ፈቱት። የቀሩት ሦስቱ፣ እኔ ሳልነካቸው የተረፉት፣ ያለ ብዙ ድካም ተከተሉ። ከጎረቤት ጎሚስታ ወፍራም ክሪክና ጣውላ ተዋስን፤ ጎማው ወለቀ፣ መልሰንም ገጠምነው።

ጌታቸው እጁን አራገፈ።

«ጎማ የሚቀይር ሰው አግኝቻለሁ» አለ እትዬ ብርቄን እያየ። «ቅዳሜ እንወጣለን።»

ተመስገን አልኩ። ከልቤ ነው።

«እኔስ ምን ልያዝ?» አልኩት።

«አንቺ ዝምታ ያዢ። አልገዝትሽም፤ በፈቃድሽ ነው።»

አሁን ግን አንድ ነገር ይቀረኛል። ስለት ከማስገባቴ በፊት ንስሐ አባቴ ጋ መቅረብ አለብኝ። «አባ፣ በእመቤታችን ስም ባሌን ገዝቻለሁ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም መስቀላቸውን እንደያዙ «ምን ያህል ከባድ ነገር ቢገጥምሽ ነው ልጄ?» ይሉኛል።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ለብሎን ነው ብዬ እንዴት ልጀምርላቸው?