አቶ መርዕድና የኤልዳና መቶ አሥራ ስምንት

በየዕድሩ፣ በየማኅበሩ፣ ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ የሰውን ደስታ ሳያጣራ የማያሳልፍ አንድ ሰው አይጠፋም። ልጄ ተመረቀች ብትሉት የትምህርት ቤቱን ስልክ ይጠይቃችኋል። እዚህ አትላንታ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ መርዕድ ናቸው፤ ማንም ሳይሾማቸው።

የዕድሩን ወርኃዊ ጋዜጣ የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ጋዜጣው ሁለት ገጽ ነው፤ ግን "ማን አየ? ማን ጻፈው?" ሳይባል አንዲት መስመር አትገባበትም። ግሩም የተባለው አባል ከሮዝዌል ተነስቼ ታከር በሩብ ሰዓት ገባሁ ብሎ ቢያወራ፣ ክቡርነታቸው እሑድ ጠዋት ራሳቸው ነድተው "ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ፣ ያውም መብራት ሳይዘኝ" አሉት። ዘጠና ሞላኝ ያሉ አዛውንት ከገዛ ልደታቸው ሰማንያ ስድስት ሆነው ወጡ።

የሺእመቤት እኚህ ሰው እጅ ላይ ወደቀች። የልጅ ልጇን ኤልዳናን እናቷ በሥራ ምክንያት ዳላስ ይዛት ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗል። ስኔልቪል ያለው የሴትዮዋ ቤት ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። ልጅቷ በሳምንት አንዴ ትደውልና "ሃይ እማማ፣ ደህና ነኝ፣ ላቭ ዩ" ብላ ትዘጋለች። ግንቦት ላይ ግን አንድ ነገር ጨመረች፤ ኳስ በእንጨት ባት በሚመታበት በክሪኬት ጨዋታ፣ ተጋጣሚዎቿ አንዴም ሳያስወጧት 118 ነጥብ አግብታ፣ 117 የነበረውን የሴት ልጆች ሊግ ክብረ ወሰን ሰብራለች።

የሺእመቤት ይህን ከቅዳሴ በኋላ ስትናገር ሴቶቹ እልል አሉላት፣ ጉንጯን ሳሟት፣ ወዲያው ወደ ሉሊት ሠርግ ወሬ ዞሩ። አቶ መርዕድ ብቻ ሳህናቸውን አስቀምጠው ተጠጓት።

"በስንት ኳስ?" አሉ።

አላወቀችም። ክሪኬት የሚባለውን አይታው አታውቅም። በሰው ፊት እንደ ውሸታም ቆማ ቀረች። ጋዜጣው ላይ እንዲወጣ ከፈለጉ ይጠይቁልኝ አሏት፤ ተናዳ ደወለች።

ኤልዳና ሳቀች። በሰባ ኳስ ነው አለቻት። ማክሰኞ ደግሞ አቶ መርዕድ ማን ቆጠረው አሉ፤ ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ለየብቻ እየጻፈ፣ በየስድስት ኳሱ የቡድኑን ድምር እንደሚያስተያዩ ኤልዳና አስረዳች። ሁለት ጸሐፊ መኖሩን ሲሰሙ የአቶ መርዕድ ፊት በራ። ሐሙስ የሜዳውን ስፋት ጠየቁ፤ ቅዳሜ የነፋሱን አቅጣጫ። ስልኩ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሆነ።

ኋላ ክቡርነታቸው ለሊጉ ጽፈው የሁለቱንም መዝገብ ቅጂ አስመጡ። አንዱ 118 ይላል፣ ሌላው 117። አንዲት ኳስ እግሯን ነክታ ከሆነ ነጥቡ የቡድኑ እንጂ የሷ አይደለም፤ ክብረ ወሰኑም አልተሰበረም።

"ይህቺ ካልጠራች አላትምም፣ ወይዘሮ የሺእመቤት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ለስንቱ ተናግራለች! ሁለት ቀን ስልኩን እያየች ሳትደውል ዋለች። በሦስተኛው ቀን፣ ኳሷ እግርሽን ነው ወይ የመታችው አለቻት።

ኤልዳና መለሰች። "ኖ፣ እማማ። ጣቴን ነው። ጓንቱ ባቱን ከያዘ እንደ ባት ነው የሚቆጠረው፣ ዳኛውም አይቷል።" ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አብጦ ነበር። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

ለካ ያን ሳምንት ደህና ነኝ ያለችው በዚያ ጣት ስልኩን ይዛ ነው።

ኤልዳና ፎቶውን ላከች። የሊጉ ሰዎችም ዳኛውን ጠይቀው 118ቱን አጸደቁ። አቶ መርዕድ ያበጠውን ጣት አጉልተው አዩት፤ ማን አነሳው ግን አላሉም።

"አሁንስ ተሻላት?" አሉ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ።

ሰኔ ላይ ጋዜጣው ወጣ፤ አራት መስመር፣ ከነኳሱ ቁጥር። እንደገና እልል ተባለ። ከዚያ ወዲህ የሚጠየቅ ነገር አልቆ ቤቱ ጭር አለ። እልል ካሉላት መካከል ስለ ልጅቷ ሁለተኛ ጥያቄ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም፤ ያ ተጠራጣሪ ሽማግሌ ብቻ። የሰው ጥርጣሬ ይናፍቀኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ኤልዳና ናት፤ የመደወያ ቀኗ ሳይደርስ።

"እማማ፣ ሰውዬው ዛሬ ምንም አልጠየቁም እንዴ?"

የሺእመቤት በዚህ ሁሉ ማጣራት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንዲት ውሸት አልተገኘባትም ነበር።

"ጠይቀዋል እንጂ፣ የኔ እናት" አለች። "ያን ዕለት ጠዋት ምን በልታ ወጣች ነው የሚሉት።"