የአማቴ ወገብና የኋላ ሞላ

አዲስ አበባ ውስጥ ብቻህን መሆን ከፈለግህ፣ ወዳጄ፣ የመኪናህን ኮፈን እንዳትከፍት። እኛ ካዛንቺስ ኮፈን ሲከፈት ሦስት ሰው ሳይጠራ ይመጣል። አንዱ "ካንዴላ ነው" ይላል። ሁለተኛው "አይ፣ ባትሪ ነው" ይላል። ሦስተኛው አንገቱን አስግጎ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ዝም ብሎ ይሄዳል። እኔ የምፈራው ሦስተኛውን ነው።

መደበቅ ምን ያደርጋል? እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርኩ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ ስለ መኪና የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ዳዊት ውድድር ሲጠራኝ ሁለቴ አላሰብኩም።

ውድድር ስልህ የቴሌቪዥኑ እንዳይመስልህ። ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ላይ የትራፊክ ኮን ይደረደራል፤ ኮን ሲያልቅ ቢጫ ጀሪካን ይተካል። ተራ በተራ ገብተህ በመሃላቸው እየተጠማዘዝክ ትወጣለህ፣ ሰዓት ይያዝልሃል። ከነካህ ሰከንድ ይጨመርብሃል። ተወዳዳሪውም ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ የሚውል፣ እንደኔ ያለ ሰው ነው።

የኔ ኮሮላ የፊት ጎማዋ የሚጎትታት ናት። እንዲህ ያለች መኪና ፍጥነት ይዘህ ስትጠመዝዛት አፍንጫዋ አልታዘዝ ይላል። መሪውን ወደ ግራ ታዞራለህ፣ እሷ ቀጥ ብላ ወደ ጀሪካኑ ትሄዳለች። የመጀመሪያ ቀን አራት ጀሪካን ገጨሁ። አንዱ ውኃ ነበረበት። ዳዊት በዚያችው ዓይነት ኮሮላ፣ ከኔዋ በቀለም ብቻ በምትለይ፣ አንድም ሳይነካ ወጣ። ሰኞ ቢሮ ስገባ "ውኃ ቀጂው መጣ" ብሎ ተቀበለኝ። ስሙ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሦስቴ ተወዳደርን፣ ሦስቴ በለጠኝ። በመጨረሻ ባለቤቴ ሰናይት እሁድ እሁድ ያለ እኔ መዋል ሰልችቷት ቁርጡን ነገረችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክር፤ ዳዊትን ካልበለጥከው ሄልሜቱ ቁም ሳጥን ይገባል፣ አንተም ቤትህ ትገባለህ አለች። ሰናይት አንዴ ካለች ይግባኝ የለም።

ምን ላድርግ? ኢንተርኔት ላይ ተደፋሁ። እንደዚህች ላለች መኪና መድኃኒቱ ኋላዋን ማደንደን ነው ይላል። የኋላው ሞላ ሲጠነክር ጭራዋ ዞር ይልልሃል፣ አፍንጫዋም መንገዱን ያገኛል። ይህን ይዤ ቂርቆስ ጋሽ ሸምሱ ጋራዥ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ ይቺን መኪና ከኔ በላይ ያውቋታል። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ ሰው መኪናውን ሊያለሰልስ ይመጣል፣ አንተ ልታደነድን መጣህ ብለው ሳቁብኝ። ግን የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወፍራም ሞላ አፈላልገው፣ በልኳ ቆርጠው ገጠሙልኝ። እኔ ደግሞ ለውበቱ ቀይ ቀለም ቀባሁት።

ውጤቱ? ልምምድ ላይ ጭራዋ ከእኔ ቀድሞ መዞር ጀመረ። አንዴማ በፊቴ የገባሁበትን ኮን በጀርባዬ ወጣሁት። ከዚያ በኋላ ኩርባ ባየሁ ቁጥር እፈራለሁ፤ ሳልደርስ ፍሬን እይዛለሁ፣ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብዬ እገባለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ነበር። አማቴ እትዬ ጥሩወርቅ አብረውን ይኖራሉ። እሁድ ጠዋት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አንቱ ይሉኛል። ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ወደ ፊት ይምጡ ቢባሉም እሺ አይሉም። የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ያ ሞላ ሲያነጥራቸው የፊቱን ወንበር በሁለት እጃቸው ይዘው "አቤቱ" ይላሉ። ተመቸዎት ወይ ስላቸው "ይመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ" ይላሉ። እኔ ሞኙ አመንኳቸው።

የቁርጡ እሁድ ደረሰ። ያን ጠዋት እትዬ ጥሩወርቅ አንዴም "አቤቱ" አላሉም። ሰው የማይለምደው የለም ብዬ አደነቅኩ። መኪናዋም ከኋላ ዝቅ ያለች መሰለኝ። ሞላው ተገራ ማለት ነው፣ ሯጭ መኪና ደግሞ መሬት ትጠጋለች ብዬ ይበልጥ ደስ አለኝ። ፈላጊ ምን አያገኝም!

ሜዳው ላይ እንደለመድኩት እየፈራሁ ገባሁ፣ እየፈራሁ ወጣሁ። አንድ ጀሪካን አልነካሁም። ዳዊትን በግማሽ ሰከንድ በለጥኩት። ሰዉ ሲከበኝ ምላሴ ተፈታ። ሚስጥሩ የኋላ ሞላ ነው ብዬ ግማሽ ሰዓት አስተማርኩ። ዳዊት ስልኩ ላይ ይጽፍ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ ጋሽ ሸምሱን ላመሰግን ሄድኩ። ቀዩ ሞላዬ ጋራዡ ጥግ ተጋድሟል። እኔ ሞላውን አየሁ፣ ጋሽ ሸምሱ እኔን አዩኝ።

"ዓርብ አንተ ቢሮ ሳለህ ባለቤትህና እናቷ መኪናዋን ይዘው መጡ" አሉ ቀስ ብለው። "እትዬ ወገቤን አሉኝ። እናት ወገቤን ስትል ምን ይባላል? የድሮውን ሞላ መለስኩላቸው። ደስ ብሎት ያሠራው ነው፣ እንዳይነግሩት፣ ቅር ይለዋል አሉኝ።"

"ለኔ እንኳ በስልክ ቢነግሩኝስ፣ ጋሽ ሸምሱ?"

"ቃል ገባሁላቸዋ። ውድድሩም የሚመጣው ሳምንት መስሎኝ።"

ለካ ያሸነፍኩት መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው በመጣችው ሞላ ነው። ቀዩ ሞላ የሰጠኝ ነገር ቢኖር ፍርሃት ነው፤ ይቺ መኪና ደግሞ ቀስ ብለህ ከገባህ ትታዘዛለች። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ብርቱካኑን አንድ ኪሎ ለጋሽ ሸምሱ፣ አንድ ኪሎ ለአማቴ አደረግኩት።

እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ይባል የለ? ምሳ ላይ ለዳዊት ሁሉንም ነገርኩት። ሞላ የለም፣ መኪናዬ ልክ እንዳንተዋ ናት አልኩት። አላመነኝም። ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄዶ መኪናዬን እንደ እሱዋ ያድርጉልኝ አላቸው። ከሥሯ ገብተው ወጡና "ልክ እንደ እሱዋ ናት፣ ምንም አትነካም" አሉት። ተመሳጥረን የደበቅነው መሰለው። አብሮኝ ምሳ መብላት ተወ። ስዋሽ ሲጽፍልኝ የነበረ ሰው፣ እውነት ብነግረው ተቀየመኝ።

ጓደኛ ነው፣ ምን ይደረግ? ቀዩን ሞላ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ለማንም እንዳትናገር አልኩት። አቅፎ ሳመኝ። ጋሽ ሸምሱም እየሳቁ ገጠሙለት።

ይኸው አሁን ዳዊት እንደ እንዝርት እየዞረ፣ በፍርሃት ቀስ ብሎ መግባትን እየተማረ ነው። ያ ሞላ ካልወጣለት ግን አይበልጠኝም። ማን ያስወጣዋል? ወንደላጤ ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ ወገቤን የሚለው ሰው የለውም። በዚህ ተደስቼ ስኖር፣ ትናንት ቢሮዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሊያገባ ነው። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው፣ እናትየውም አብረውን ይኖራሉ አለኝ። እሁድ ሽማግሌ ይልካል፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ እኔ ነኝ።