ሊቀ ግልጽ በተመስገን አገር

በዚህች አገር ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ሰው አያጣም፤ የተናገራችሁትን እንጂ ያሰባችሁትን የማይሰማ፣ «እንብላ» ሲሉት እጁን ታጥቦ የሚመጣ። የእኛ ቢሮ እንዲህ ያለ ሰው የለበትም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ገና አልቀጠራችሁትም፣ ወይ አምና አባራችሁታል።

የእኛው ሠርክአዲስ ይባላል። እኔ ግን ማዕረግ ሳልጨምር ስም መጥራት ስለማይሆንልኝ ሊቀ ግልጽ ብዬዋለሁ። ፍኖተ ሰላም ባለው የገበሬዎች ዩኒየናችን በዘር ክፍል ለሦስት ወር ሙከራ የተቀጠረው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ጠረጴዛው ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እኔ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነኝ፤ የሠራተኛ ፋይልም በእጄ ነው። አራት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ሰምና ወርቅ ሳልቀላቅል ሻይ እንኳ አላዝም። እንግዲህ ማንን ከማን ጋር አንድ ክፍል እንዳስቀመጡ አስቡት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሥርጉት ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው፣ በበሩ ሲያልፍ አይተውት፣ እንደ ወጉ «እንብላ እንጂ» አሉት። ሊቀ ግልጽ ሄዶ ታጠበ፣ ወንበር ሳበ፣ እኩሌታውን በላ። ሲጨርስም «ሽሮው ጨው በዝቶበታል» አላቸው። በማግሥቱ ወይዘሮ ሥርጉት በራቸውን ዘግተው መብላት ጀመሩ። አንኳኳ። «ትናንት እንብላ ብለውኝ ነበር። ለትናንት ብቻ ነው ወይስ ለዛሬም ነው? ግልጽ አይደለም።»

«ግልጽ አይደለም» የዘወትር ጸሎቱ ነው። «አንድ ደቂቃ ጠብቀኝ» ብዬው ከወጣሁ፣ ስመለስ ሰዓቱን እያየ «አርባ ሦስት ደቂቃ ነው» ይለኛል፤ ቂም የለውም፣ እርማት ነው። ከራሱ በላይ ያለው መብራት ይጮኻል ብሎ አጠፋው። እኔ ሃያ ዓመት ከመብራት ሥር ስሠራ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም፤ እሱ ካጠፋው በኋላ ግን ሌላ ቢሮ በገባሁ ቁጥር ይጮኽብኝ ጀመር። ይህንንም አልምረውም።

ትልቁ ጥፋት የመጣው በሚያዝያው የቦርድ ስብሰባ ነው። ሰብሳቢያችን ቄስ ገብረሰንበት በየዓመቱ በዚያ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «እንግዲህ እኔም አርጅቻለሁ፤ ይህን ወንበር ለጉልበታም ሰው ብለቅ ነው የሚሻል» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥርዓት ይታወቃል። ሦስት ሰው ተነሥቶ «ኸረ አባታችን፣ ምን ሲሉ!» ይላል፣ አንዱ ጉልበታቸውን ሊስም ያጎነብሳል፣ እሳቸውም «እሽ፣ ካላችሁ» ብለው ለአንድ ዓመት ይቀመጣሉ። ዘንድሮ ሦስቱ ሰዎች ወገባቸውን ገና ሲያቀኑ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው አባታችን። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ዛሬ ልጻፍልዎ?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እሱ ጸጥታውን እንደ እሽታ ወስዶ ወጣ፣ ከሻይ ዕረፍት በፊትም ደብዳቤውን ይዞላቸው መጣ። አንድ የሆሄ ስሕተት አልነበረበትም። ቄስ ገብረሰንበት ወረቀቱን አንብበው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ወይዘሮ ሥርጉት ዘወር ብለው «የዚህ ልጅ ሙከራ መቼ ነው የሚያልቅ?» አሉ። ግንቦት ሠላሳ ነበር።

ከስብሰባው ስንወጣ ክንዱን ያዝኩት።

«ልቀቀኝ፣ መነካት አልወድም» አለኝ።

«አንተየ፣ ምን ሁነህ ነው ግን?»

«ኦቲዝም አለብኝ። ባሕር ዳር ሐኪም ነው የነገረኝ። አእምሮየ ከብዙው ሰው በተለየ መንገድ ነው የሚሠራ። ማመልከቻየ ላይ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጽፌዋለሁ።»

ሄጄ ፋይሉን ከፈትኩ። ተጽፏል። «ሰው በይሉኝታ ወይም በአሽሙር ሲነግረኝ አይገባኝም። በቀጥታ ከተነገረኝ ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ።» ከሥሩ «አይቼዋለሁ» የሚል ፊርማ አለ፤ ፊርማው የእኔ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ትዕቢተኛ ነው ስንለው፣ ዓይነ ጥላ አለበት ስንለው፣ ጸበል ይውሰዱት ስንል፣ እሱ መልሱን አስቀድሞ በማኅተም አስገብቶ ኖሯል። አፈርኩ። ማፈሬን ለማንም አልተናገርኩም። የሥራ ግምገማው ላይም ቀደም ብዬ «ተግባብቶ የመሥራት ችሎታ» በሚለው ሥር ከሃያው ሁለት ብቻ ሰጥቼው ስለነበር፣ ዝም ብዬ ተውኩት።

አሁን ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በሱ ላይ ነው። በየዓመቱ የበቆሎ ዘር ለሠላሳ ስምንት ማኅበራት ካከፋፈልን በኋላ እየደወልኩ «ዘሩ እንዴት ነው?» እላለሁ፣ ቅጽ ላይ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» እሞላለሁ። የጎጃም ገበሬ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ነው፤ «እግዜር ይመስገን።» በሬው ሞቶም ይመስገን ነው፣ ቤቱ ተቃጥሎም ይመስገን ነው። ጨዋታን በምሬት መጀመር ፈጣሪን መድፈር፣ ጠያቂንም ማሳቀቅ ነው። የኔ ጆሮ ግን ይለያል። «እንግዲህ» ከቀደመው በሬው ታሟል፤ «ምን ይደረግ» ከተከተለው ሞቷል። ሆኖም ቅጹ ላይ ለድምፅ የሚሆን ሳጥን የለም። ስለዚህ «ጥሩ» ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

ሊቀ ግልጽ አንድ ቀን የሦስት ዓመት ቅጾቼን ቁጭ ብሎ አንብቦ ጨረሰ።

«መቶ አሥራ አራት ቅጽ ነው። ሁሉም ጥሩ ይላል። ካቻምና ወምበርማ ላይ በረዶ ቡቃያውን ጨርሶት ነበር። የወምበርማም ቅጽ ጥሩ ነው የሚል።»

«ተመስገን ነው ያሉኝ» አልኩት።

«ለሁሉም ነገር አንድ መልስ ከመጣ፣ የተበላሸ ጥያቄው ነው።»

ቅኔ ቤት አራት ዓመት ስቀመጥ እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ ሰው የለም። እሱ ግን አድናቆቴን ሳይጠብቅ አዲስ ጥያቄ ጽፎ ወደ ወይዘሮ ሥርጉት ሄደ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ማኅበር ከተሰጠው ዘር መቶ ፍሬ ይቆጥራል፣ በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልላል፣ በሰባተኛው ቀን የበቀለውን ቆጥሮ ከከረጢቱ ቁጥር ጋር ይነግረናል። ወይዘሮ ሥርጉት በሰብሳቢው ቁጣ መካከል ሌላ ጣጣ አልፈለጉም። «ዘሩ ከተከፋፈለ በኋላ ዘሩ እንዴት ነው እያልህ ገበሬውን አታስደንግጥብኝ!» አሉት።

ግንቦት ሃያ ቀን ጠዋት ስገባ ሊቀ ግልጽ መቶ መቶ ፍሬ እንዲጠቀልሉ ለሠላሳ ስምንቱም ማኅበራት ደውሎ ጨርሶ ነበር።

«አትጠይቅ ተብለህ የለም እንዴ!» ጮኽኩበት።

«እንዴት ነው ብለህ አትጠይቅ ነው ያሉኝ። እንዴት ነው አላልሁም። ስንት ነው ነው ያልሁ።»

የስንብት ደብዳቤውን እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት በዚያው ሳምንት ነው። ሦስት ጊዜ አረቀቅኩት። በመጨረሻ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፤ «ከተቋማችን ጋር ያሳለፉት ጊዜ የማይረሳ ሆኖ፣ ከፊትዎ የተከፈተው ሰፊ ጎዳና የተቃና እንዲሆን እየተመኘን…» በጣም ኮራሁበት። ግንቦት ሃያ ስድስት ቀን የጋራ ማተሚያችን ላይ ረሳሁት። ሊቀ ግልጽ አንሥቶ ሁለቴ አነበበው፣ ይዞት ወደ እኔ መጣ።

«ስሜ አለበት። ግልጽ አይደለም። ሽልማት ነው?»

በቅኔው መንገድ መውጫ ፈለግኩ፣ አጣሁ። «መባረርህ ነው» አልኩት።

«መቼ?»

«ግንቦት ሠላሳ።»

«ሰባተኛው ቀን ነገ ነው። ይደርሳል» አለና ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስተካክሎ አስቀምጦ ወደ ሥራው ተመለሰ። ስለ ራሱ ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ እሱ የተጨነቀው ስልኩን የሚያነሣ ሰው እንዳይጠፋ ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

በማግሥቱ ስልኩን ጮክ አድርጎ ከፍቶ ጀመረ። ዘጠና አራት፣ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና አንድ። ከዚያ ከሽንዲ አጠገብ ያለ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ አያ እንዳለው፣ አነሡ።

«ሠርክአዲስ ነኝ። ስንቱ በቀለ?»

«እግዜር ይመስገን ልጄ፣ እኛ ደህና ነን፣ ከብቱም ሰዉም…»

«እሱን አልጠየቅሁም፣ አያ። ከመቶው ስንቱ በቀለ?»

ዝም አሉ። እኔ ከዝምታው በሬው መሞቱን አወቅኩ። «መናገሩ ይከብዳል እንጂ…» አሉ።

«ቁጥሩን ብቻ።»

«ሠላሳ አንድ።» ተነፈሱ። «እኔማ የጠቀለልሁበት እጄ ክፉ ሁኖ መስሎኝ ነበር። እንጃ፣ ማን ይጠይቀኛል ብየ ዝም አልሁ።»

«እጅዎ ደህና ነው። የከረጢቱን ቁጥር ይንገሩኝ» አላቸው። እዚያው ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ዓይኔ ሞላ፤ እንዲህ ያለ ማጽናኛ ሰምቼ አላውቅም።

ሰባት ማኅበር እንደዚያ ሆነ። ሠላሳ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ አርባ። የሰባቱም ከረጢት የተነሣው ቡሬ ካለው መጋዘናችን፣ ከአንድ ግድግዳ ሥር ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የቡሬው መጋዘን ጠባቂ መጋቢት ላይ ደውሎልኝ «እኛስ መጋዘን ውስጥ ተኝተን ኮከብ መቁጠር ጀመርን» ብሎኝ ነበር። ጣሪያው ቀዳዳ ነው፣ ዘሩ እየራሰ ነው ማለቱ ነበር። እኔ ግን አነጋገሩ ደስ ብሎኝ ስቄ፣ ሦስት ቦታ ተናግሬ አስቄበት፣ ጣሪያውን ግን ለማንም አልነገርኩም። ጣሪያው ሲያፈስ ከረመ።

በሰባቱ ማኅበር ዘጠኝ መቶ አባወራ አለ። ዝናቡ ሳምንት ሳይሞላ የሚመጣ ነበር። ያንን ዘር ዘርተውት ቢሆን ክረምቱ ያልፍ፣ የዓመት እንጀራቸውም ያልፍ ነበር፤ እኔም ደውዬ «ጥሩ» ብዬ እሞላ ነበር።

ወይዘሮ ሥርጉት ወረቀቱን አይተው አንድ ጊዜ ብቻ «ወይኔ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ያየኋቸውን ሴትዮ ሁሌም አከብራለሁ። በሰዓት ውስጥ መኪና አስነሡ፤ ጅጋ ባለው መጋዘናችን የቀረው ደህና ዘር ተጫነ። ሦስት ቀን ሙሉ ሊቀ ግልጽ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ የትኛው ከረጢት የት እንደሚሄድ ሲያዝ፣ ሾፌሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሰው መንገድ ሳይጠይቁ ዋሉ፤ እንደ እኛ «ከወንዙ ወዲያ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ» አይልማ። የመጨረሻው ከረጢት ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ማታ ተራገፈ።

ግንቦት ሠላሳ ጠቅላላ ጉባኤ ሆነ። አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቷል። ሁሉም የዘሩን ነገር ቢያውቅም ውሳኔው የቦርዱ ነው፤ የቦርዱ ወንበር ላይ ደግሞ የመልቀቂያ ደብዳቤ ኪሳቸው የገባባቸው ቄስ ገብረሰንበት አሉ። ግምገማውን አስነበቡ። «ተግባብቶ የመሥራት ችሎታ፣ ከሃያው ሁለት» ሲባል አንገቴን ደፋሁ።

አያ እንዳለው ከመካከል በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ይቅርታ አባታችን፣ መግባባት የሚሉት እንዴት ያለው ነው? እኔ ከቢሮው ጋር ሃያ ዓመት ተጨዋውቻለሁ፣ ተመስጋግነናል። ከዚህ ልጅ ጋር ግን በአንድ ቁጥር ነው የተግባባን። እኔም ቤት ያለው ሕፃን የሚበላው በዚያች ቁጥር ነው።»

ጭብጨባው ጣሪያውን አነሣው። ሊቀ ግልጽ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ይህን ያየች አንዲት ሴት ከኋላ «ቀስ በሉ፣ ጆሮውን ያመዋል!» አለች፤ ያ ሁሉ ሰው፣ እመኑኝ፣ መዳፉን በአየር ላይ እያወዛወዘ ያለ ድምፅ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ክብር ለማንም ባለሥልጣን ሲሰጥ አላየሁም።

ቄስ ገብረሰንበት ቆሙ። ሁሉም ጠበቀ። «ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘርህ ይባረክ።»

እልል ተባለ። ሊቀ ግልጽ እጁን አወጣ። «የትኛው ዘር ነው፣ አባታችን? ልጅ የለኝም። የበቆሎው ዘር ደግሞ የማኅበሩ ነው።»

ወይዘሮ ሥርጉት ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጨፈንኩ። ቄሱ ግን በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ሕዝብ ፊት፣ ያለ ሰም ያለ ወርቅ ተናገሩ። «ከእኛ ጋር ቆይ ማለቴ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነህ። እኔም ተቀይሜህ ነበር፤ አሁን ትቸዋለሁ።»

«ገባኝ» አለ ሠርክአዲስ። «አመሰግናለሁ።»

ሽልማትም ተሰጠው። ምን ትፈልጋለህ ሲባል ፀጥ ያለ ክፍል አለ፤ በኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ትንሽ ክፍል ጸድታ ተሰጠችው። ዘንድሮ የቅጹ ጥያቄዎች ሁሉ በቁጥር የሚመለሱ ሆነዋል፣ የቡሬውም ጣሪያ ተለብጧል። ሽንዲ አካባቢ በቆሎው ሰው ይደብቃል።

እሱ ክፍል በቀየረ ማግሥት፣ እኔ ለሦስት ወር የተመኘሁትን ሰላም አገኘሁ። መብራቱን አበራሁ። ስልክ ደወልኩ። አንድም ሰው አላረመኝም። እስከ አራት ሰዓት ቻልኩት፤ ከዚያ ወንበሬን ተሸክሜ ኮሪደሩን አቋርጬ በሩን አንኳኳሁ።

«ምን ፈለግህ?» አለኝ።

ልዞርበት ነበር። ስለ አየሩ፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ ሌላ ነገር ላመጣ አፌን ከፈትኩ። እንደዚህ ያለውን ነገር ለሚስቴ እንኳ በቀጥታ ነግሬያት አላውቅም።

«ናፍቀኸኝ ነው» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ወደ ራሱ ሰብስቦ ለእኔ የሚበቃ ቦታ አወጣ።

«እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ቀስ እያለብኝ ነበር» አለ። «ምክንያቱን አላወቅሁትም ነበር።»