ክቡር ገና ነው

በየቤተሰቡ አንድ የማይቸኩል ሰው አለ። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ መጀመሪያ ጫማውን ይወለውላል። በእኛ ቤት ይህ ሰው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በሙሉ ማዕረጉ ክቡር ገና ነው። ማዕረጉን ያገኘው ከአፉ ከማትጠፋው ቃል ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ብትል "ገና ነው"፣ አውቶቡሱ ሞተር ቢያስነሳ "ገና ነው" ይላል።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ከአንድ ማሕፀን መውጣታችንን እናታችን ባትመሰክር ማንም አያምንም። እሱ ዘጠኝ ወሩ ሞልቶ ሁለት ሳምንት አስጠብቋታል፤ እኔ በሰባት ወሬ ዘልዬ ወጥቻለሁ። ሥራዬ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ "ተሳፋሪዎች፣ ፍጠኑ!" ማለት ነው። እሱ ደግሞ ፀጉር አስተካካይ ነው። አንድ ራስ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅበታል። ደንበኞቹ ወንበሩ ላይ አንቀላፍተው ሲነቁ እሱ ገና በግራ ጆሮ በኩል ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሙሽራ ሊስተካከል እሱ ዘንድ ገብቶ ሠርጉ ላይ የደረሰው እንግዳው በልቶ ሲነሳ ነው። ፀጉሩ ግን አምሮበት ነበር አሉ።

ይህን ሁሉ ስቄ አልፈዋለሁ። የእናታችን የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀን ሲደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። የእማዬ አንድ ዓይን ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ሌላውን ሞራ ጋርዶታል። ሻይ ስትቀዳ ከስኒው አጠገብ ታፈሳለች። ሁለታችንን የምትለየን በእርምጃችን ነው፤ የሚሮጠው የእኔ፣ የሚጎተተው የእሱ። ይህን ቀጠሮ ዘጠኝ ወር ጠብቀናል። ካመለጠን ሌላ ዘጠኝ ወር ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ዓይኗ ያን ያህል እንደማይቆይላት ነግሮናል።

ቀጠሮው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ክቡርነታቸው ቆመው የመኪናቸውን መስታወት ያጸዳሉ።

"ወንድም ጋሼ፣ በእናትህ!"

"በእናቴማ ነው የማጸዳው። ነገ አይታው ትታዘበኛለች።"

"አረፈድን እኮ!"

"ገና ነው፣ እታለም።"

መንገዱን ሁሉ ከኋላ ወንበር ሆኜ እኔ ነዳሁት። "እለፈው! ቀይ ሊበራ ነው! ኧረ ያ ታክሲ ቀደመህ!" እማዬ ከፊት ቦርሳዋን ጥብቅ አድርጋ አቅፋለች። ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። እሱ መኪናውን ሊያቆም ሲሄድ እኔ እማዬን በክንዷ እየጎተትኩ ደረጃውን ወጣሁ።

ሲስተሯ የደም ግፊቷን ለካች። መቶ ዘጠና።

"መቶ ዘጠና!" ብዬ ጮህኩ። "እማዬ፣ መቶ ዘጠና እኮ ነው! ሲስተር፣ አትገባም ልትሉን ነው? ዘጠኝ ወር ሙሉ ጠብቀን?"

ደግማ ለካች። መቶ ዘጠና ስምንት። ሲስተሯ መለኪያውን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች።

"ካልወረደ ቀጠሮው ይዛወራል" አለች። "አንቺ ግን ውጪልኝ።"

"እኔ?"

"አዎ፣ አንቺ።"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በበሩ መስታወት አጮልቄ ማየት ጀመርኩ። ክቡርነታቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው እየተንጎራደዱ መጡና አልፈውኝ ገቡ። ወንድሜ የእማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከደረት ኪሱ ማበጠሪያ አወጣ። የእማዬን ፀጉር ማበጠር ጀመረ! አንድ ራስ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ብዬ አሰብኩ፤ አለቀልን። ከእሷ ቀጥሎ ተራ የያዙት ሴትዮ ቀድመዋት ገቡ። መስታወቱን አንኳኳሁ፣ የእጅ ሰዓቴን ጠቆምኩት፤ ቀና ብሎም አላየኝ። የሆነ ነገር ይነግራታል። እማዬ ሳቀች፤ ጆሮዋ ድረስ ተሰብስቦ የነበረው ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ። ያን ጊዜ ቀናሁበት፤ እውነቱን ልናገር፣ ክፉኛ ቀናሁ። ዘጠኝ ወር ስለሷ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ልቧ የረጋው ግን በእሱ እጅ ነው። እኔማ ስወዳት አስደነግጣታለሁ።

ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ሲስተሯ እንደገና ለካች። መቶ ሃምሳ ሁለት። በተሽከርካሪ አልጋ ይዘዋት ገቡ።

"ምን ብለሃት ነው?" አልኩት፣ እንባዬን እየጠረግኩ።

"ምን እላታለሁ፤ አንቺን አማንሽ።"

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ከበሩ ላይ ዓይኔን ሳልነቅል እሱ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው። ማበጠሪያው እጁ ላይ ነው፤ የእማዬ ሁለት ነጭ ፀጉር ተጠምጥሞበታል። ክንዴ ደነዘዘ። ከስንት ጊዜ በኋላ በሩ ተበረገደና ሲስተሯ ብቅ አለች።

"በሰላም አልቋል! እናታችሁ እየጠሩ ነው፤ ፈጠን በሉ እንጂ!"

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ።

"ቀስ በይ፣ ሲስተር" አልኳት። "ትቀሰቅሺዋለሽ።"